ጳጉሜ 6 የት ገባች?

ባለፈው ሴሚስተር በፊቸር አጻጻፍ ክፍለ ጊዜ መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ሙያ» የምትል አንዲት ቃል ጽፈው «እስቲ ሙያ የምትሉትን ጥሩልኝ፤ ያልሆነውን ደግሞ አብረን እንጥላለን» አሉን። ሐኪም ተባለ። ጠበቃ ተባለ። ግንበኛ ተባለ። ጋዜጠኛ ሲባል ለራሳችን አጨበጨብን። ከኋላ ወንበር አንዱ «ሶፍትዌር ሠሪ» ሲል ግን ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «የዘመኑ ሙያማ እሱ ነው!» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ኧረ ተወን! ከኢንተርኔት ገልብጦ መለጠፍ ምን ሙያ አለው? ጥቂት ሳምንት ኮርስ የወሰደ ሁሉ ይሠራዋል» ብሎ ሳቀ። ክርክሩ ሰዓቱ እስኪያልቅ ቀጠለ። መቼም የኛ ክፍል ክርክር ሲወድ ለጉድ ነው።

እኔ ያን ቀን አፌን አልከፈትኩም። የሚያውቁኝ ጓደኞቼ «ምን ሆነሽ ነው?» ብለውኛል። ዝም ያልኩት ሐሳብ አጥቼ ሳይሆን የማውቀው ታሪክ የቤቴ ስለሆነ ነው፤ ሰው ፊት አንሥቼው ድምፄ ቢንቀጠቀጥስ ብዬ ፈራሁ። በጽሑፍ ግን ይቀላል። ስለዚህ ታላቅ ወንድሜን አስፈቅጄ እነሆ ተነሣሁ። «ስሜን ካልጠራሽ ጻፊው፤ ግን አታሳምሪው» ብሎኛል።

አባቴ ግንበኛ ነው። ከዳባት ወጣ ብላ ከምትገኝ መንደር በልጅነቱ ወደ ጎንደር ወርዶ ሥራ የጀመረው ድንጋይ በማቀበል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ መሮ በእጁ አልነካም። ጭቃ ማቡካት፣ ውሃ መቅዳት፣ ለአለቃው ቱምቢ መያዝ፣ ይኼው ነበር ሥራው። በሦስተኛው ዓመት አለቃው አንድ ድንጋይ ሰጥቶ «የቱ ፊቱ ነው?» ሲለው በትክክል አዙሮ ስላስቀመጠ ግድግዳ ላይ እንዲወጣ ተፈቀደለት። ይህን ታሪክ በዓመት ሦስት ጊዜ ያህል እንሰማዋለን። ልጆች ሳለን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በፋሲል ግንብ አጥር ሥር ያሳልፈንና ቆም ብሎ በጣቱ ይነካካል፤ «እዩት፣ እዚህ ጋ ቸኩሏል። እዚህ ጋ ደግሞ ጌታ ሰው ነው የሠራው» ይለናል። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ ከ380 ዓመት በላይ ሆነ (ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1636 ነው)። አባቴ ግን ስለዚያ ግንበኛ ሲናገር ትናንት አብረው እንደዋሉ አድርጎ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። «ሙያ» የሚለው ቃላችን ራሱ ሚዛኑ ትክክል ሆኖ አያውቅም። ከከተማችን ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩ ነበር። ማረሻውን ከነሱ የሚገዛ ገበሬ፣ እንስራውን ከነሱ የምትገዛ እመቤት መልሰው «ቡዳ» ይሏቸው ነበር። ሥራቸውን እየፈለግን ሰዎቹን ናቅን። በሌላ በኩል እናቴን ጎረቤቱ ሁሉ «ባለሙያ ናት» ይላታል፤ ዶሮዋን አሥራ ሁለት ብልት ስታወጣ አንዷም አትበላሽባትም። ወረቀት ግን ማንም ሰጥቷት አያውቅም። እንግዲህ አንድ ሥራ ሙያ ነው አይደለም ስንል የምንፈርደው በሥራው ክብደት ብቻ አይደለም፤ በሠሪው ማንነትም ጭምር ነው።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። በኮምፒዩተር ሳይንስ በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ሥራ ፈለገ፤ አላገኘም። እንደብዙው ተመራቂ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ከረመና በ2014 ዓ.ም. ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሱቅ ላላቸው አንዲት እትዬ የሱቅ ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም ሠራላቸው። ዕቃ ሲገባ ይመዘገባል፣ ሲሸጥ ይቀነሳል፣ የዱቤ ደንበኛ ስሙ ይገባና ትንሽ ወረቀት ይታተምለታል። ቀኑ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው። እትዬ «እኔ የፈረንጅ ቀን አላውቅም» ስላሉ ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረውን የፈረንጅ ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀን የሚለውጥ ነገር ጨመረበት። 9 ሺህ ብር ተከፈለው። በመጀመሪያ ክፍያው ለአባቴ ጋቢ ገዛለት።

አባቴ ጋቢውን ለብሶ ፕሮግራሙን ሊያይ ሱቁ ድረስ ሄደ። ወንድሜ አብራራ፣ ጠቅ ጠቅ አደረገ፣ ወረቀት አተመ። አባቴ ከኮምፒዩተሩ ኋላ ሳይቀር ዞሮ አየና «መልካም ነው። ታዲያ ያንተ እጅ የቱ ላይ ነው?» አለው። ወንድሜ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም። ግድግዳ ላይ የቸኮለ ሰው ከ380 ዓመት በኋላ ይታያል። እዚያ ሳጥን ውስጥ የቸኮለ ሰው በምን ይታያል?

አንድ ዓመት ከምናምን ሁሉም ነገር ሰላም ሆነ። እትዬ ደብተሩን ጣሉት፤ ማታ ማታ ገንዘቡን ሳይቆጥሩ በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መሄድ ጀመሩ። «ማሽኑ ያውቀዋል» ይሉ ነበር። ሱቋን በዋናነት የምትሸጠው ከዳባት በኩል የመጣች፣ በዕድሜ የኔው እኩያ የሆነች ልጅ ነበረች። ስሄድ ከረሜላ ትመርቅልኝ ስለነበር ወዳጄ ናት ማለት እችላለሁ።

የ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደረሰ። የዚያን ዓመት ነሐሴና ጳጉሜን የክልላችን ልጅ ሁሉ ያስታውሰዋል። ጊዜው የጭንቅ ነበር፤ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ስልካችን የእጅ ባትሪ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ቢሆንም ዓውደ ዓመት ዓውደ ዓመት ነው፤ በዋዜማው ሰው ዘይቱን፣ በርበሬውን፣ ቡናውን ሊሸምት ወጣ። ዋዜማዋ ሰኞ፣ ጳጉሜ 6 ነበረች። ሱቁ ሲሸጥ ዋለ። ማክሰኞ እንቁጣጣሽ ነውና ተዘጋ። ረቡዕ ጠዋት እትዬ ዓመቱን ለመዝጋት መደርደሪያ ላይ የቀረውን ዕቃ አስቆጥረው ከፕሮግራሙ የ2015 መዝጊያ ጋር አስተያዩት። 41 ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ የለም! አልተሸጠም፣ መደርደሪያም ላይ የለም።

ሐሙስ ዕለት ልጅቷ ተባረረች። የሁለት ወር ደመወዟ ተያዘ። ፖሊስ ያልተጠራው «ድሀ ናት፣ ለእግዜር ስል» ተብሎ ነው። ሻንጣዋ ሰው ፊት ተፈተሸ፤ ምንም አልተገኘም፤ «አሸሽታው ነው» ተባለ። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ አመንኩ። ከረሜላ ስትመርቅልኝ የነበረው ትዝ አለኝና «ለካ የሰው ዕቃ ስለሆነ ነው» አልኩ። እስካሁን ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይቺ ናት።

ነገሩን ያወጡት አንድ የኔታ ናቸው። የሱቁ የዱቤ ደንበኛ ናቸው። መስከረም 21 ቀን ከሰዓት በኋላ ጧፍና ዕጣን ወስደው የታተመላቸውን ወረቀት መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡና «እትዬ፣ ይኼ ነገር ምንድን ነው? ዛሬ ግሸን ማርያም ናት። ይኼ 22 ይላል፤ 22ማ ዑራኤል ነው» አሉ። እትዬ ወንድሜን አስጠሩት። ወንድሜም «ቀላል ናት፣ ሰዓቱ ተዛብቶ ይሆናል» እያለ ሄደ። የኮምፒዩተሩ የፈረንጅ ቀን ትክክል ነው። የተሳሳተው እሱ የጻፈው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። በፕሮግራሙ ውስጥ የመስከረም 1 ቀን 2016ን ሽያጭ ከፈተ። 57 ሽያጭ አለ። ሱቁ በእንቁጣጣሽ ተዘግቶ ነበር! የ57ቱን ድምር አየ፤ 41 ሺህ ምናምን ብር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እትዬም «ምነው አመመህ እንዴ?» አሉት።

ስሕተቱ እንዲህ ነው። ጳጉሜ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች። ወንድሜ ያን የሚወስነውን ቀመር ከኢንተርኔት ከገለበጠው ነገር ላይ ነበር የወሰደው። ቀመሩ «ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ከተካፈለ አንድ ቀን ጨምር» ይላል። ይህ የፈረንጆቹ ነው። በኛ አቆጣጠር ቀን የሚጨመረው ለ4 ሲካፈል 3 በሚተርፍበት ዓመት ነው። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ፕሮግራሙ ግን 2015ን ባለ አምስት ጳጉሜ አድርጎ ዘጋውና የዋዜማዋን ሽያጭ በሙሉ ወስዶ ወደ አዲሱ ዓመት አስገባው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ቀድሞ ሲሄድ ነበር። ወንድሜ ሲሠራው በ2014 ጳጉሜ ላይ ሞክሮታል፤ በ2014 ሁለቱም ቀመር አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል። ፈተናውን ያለፈው በዕድል ነው ማለት ነው።

የኔታ አልሄዱም ነበር። ወንድሜ ፊቱ አመድ መስሎ ሲያስረዳ አዳምጠው እስክሪብቶ ተቀበሉትና በዚያችው ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፉ። 5500 እና 2015 ሲደመር 7515 ዓመተ ዓለም። ለአራት ሲካፈል 1878 ደርሶ 3 ይተርፋል። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። «ዘመነ ሉቃስ ሲፈጸም ጳጉሜ ስድስት ናት። ይኼንንማ ቆሎ ተማሪ ያውቀዋል» አሉት። ቀጠሉና 7516 ላይ 1879 ደምረው 9395 አደረጉት፤ በሰባት ገደፉት፤ 1 ተረፈ። «አንድ ከተረፈ ዓመቱ ማክሰኞ ይገባል። ዘንድሮ እንቁጣጣሽ መቼ ነበር የዋለ?» ማክሰኞ ነበር።

ወንድሜ ወረቀቷን አልጣላትም፤ እስካሁን ላፕቶፑ ሥር አለች። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ «አልጎሪዝም» የሚባል ኮርስ ወስዷል። ቃሉ የተገኘው ከጥንታዊው የሒሳብ ሊቅ ከአልኽዋሪዝሚ ስም መሆኑን ያውቃል። ከቤታችን የእግር መንገድ ላይ ባለ ደብር ውስጥ ግን ባሕረ ሐሳብ የሚባል አልጎሪዝም፣ ያውም ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ በቃል ተይዞ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ መኖሩን አላሰበም። «መጠየቅ አልመጣልኝም። ኢንተርኔት ላይ ካለ ትክክል መሰለኝ» ነው ያለኝ።

ያን ዕለት ማታ ማስተካከያውን ሠራው። ዳታ የለም፣ የሚፈልግበት የለም፣ የሚገለብጥበት የለም። ሻማ አብርቶ (መብራትም ጠፍቶ ነበር) ላፕቶፑ ባትሪው እስኪያልቅ ሠራ፤ ከዚያ በወረቀት ቀጠለ። ከ2000 እስከ 2030 ያለውን እያንዳንዱን ዓመት በእጁ አስልቶ ፕሮግራሙ ከሚለው ጋር አስተያየ። ክፍል ውስጥ «ኮፒ ፔስት ነው» ላለው ጓደኛዬ ያን ሌሊት ባሳየሁት እላለሁ። በሌላ በኩል ግን ልጅቷን ያስባረራትም ያው ኮፒ ፔስቱ ነው። ሁለቱም የአንድ ሰው ሥራ ናቸው።

አባቴ ነገሩን በማግስቱ ሰማ። ይቆጣል ብለን ስንጠብቅ አልተቆጣም። «አስተካከልከው?» አለ።

«አዎ አባዬ፣ ሌሊቱን ጨረስኩት።»

«ልጅቷንስ?»

ወንድሜ ዝም አለ። ለእትዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ እሳቸው ይጠሯታል፣ ደመወዟን ይልኩላታል ምናምን አለ። አባቴ ጋቢውን ጠቀለለ (ያንኑ ጋቢ)፤ «የሠራሁት ግድግዳ ሰው ላይ ቢወድቅ ባለቤቱ ይሂድና ያንሣው እላለሁ እንዴ? ድንጋዩ ነው ብዬ ድንጋይ እሰድባለሁ? ትሄዳለህ» አለው። በቃ።

ይህን ሳስብ ትዝ የሚለኝ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ጉዳይ ነው፤ የሱን ታሪክ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ፉጂትሱ የተባለው ኩባንያ የሠራው ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሶፍትዌር በየአካባቢው ላሉ የፖስታ ቤት ኃላፊዎች ተዘረጋ። ሶፍትዌሩ ያልጎደለ ገንዘብ ጎደለ እያለ ከ900 በላይ ሰዎች እስከ 2015 ድረስ በሌብነትና በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባሉ። የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን የሸጡ አሉ። «ማሽኑ ነው የተሳሳተው» ሲሉ የሰማቸው አልነበረም። ሶፍትዌሩ ስሕተት እንደነበረበት ፍርድ ቤት ያረጋገጠው በ2019 ነው፤ ፍርዱን በጅምላ የሚሽር ሕግ የወጣው ደግሞ በ2024። ሃያ አምስት ዓመት! የኛዋ ልጅ አሥራ ስምንት ቀን ብቻ ነው የቆየችው ብሎ መጽናናት ይቻላል። እኔ ግን ልጅቷ ብሆን አልጽናናም።

ለሀገራችንም ቢሆን ነገሩ ሩቅ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ 157 ሰው አልቋል። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን 189 ሰው አልቆ ነበር። ኤምካስ የሚባለው ሥርዓት ከአንድ መለኪያ ብቻ የመጣ የተሳሳተ ቁጥር አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። የታዘዘውን ነው የሠራው። አባቴ ቢሆን «ቱምቢህ አንድ ብቻ ከሆነ ደጋግመህ ለካ» ይላል።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለክፍላችን ክርክር መልስ ፍለጋ ነው። እንደኔ ሶፍትዌር መሥራት ሙያ ነው። ችግሩ የሙያ ቤት ገና አልሠራም። ሐኪም ፈቃድ አለው፣ ጠበቃ ፈቃድ አለው። አሜሪካ ውስጥ ለመሐንዲሶች የሚሰጠው የፈቃድ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2013 ለሶፍትዌር መሐንዲሶችም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ተፈታኝ አነሰና በ2019 ቀረ። «የሶፍትዌር ምሕንድስና» የሚለው ስም ራሱ በ1968 ኔቶ ጀርመን ጋርሚሽ ላይ ባደረገው ጉባኤ ሲወጣ ሰውን ለመቀስቀስ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነበር፤ እንደ መሐንዲስ ልንሠራ ይገባናል፣ ገና ግን አልሆንም ለማለት። በኛም አገር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን የኢትዮጵያ ኮደሮች» የተባለው መርሐ ግብር ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር ሲጀመር ዶርማችን በሙሉ ተመዝግቧል። እኔም ጨርሼ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ሰርተፍኬቴን ይዣለሁ። ጥሩ ትምህርት ነው፤ አልዋሽም፣ ወድጄዋለሁ። ግን እኔ አሁን ምንድን ነኝ? ድንጋይ አቀባይ ነኝ። መሮ ገና አልተሰጠኝም። ዛሬ ደግሞ ኤአይ ኮዱን በደቂቃ ጽፎ ይሰጥሻል፤ ዶርም ያለችው ጓደኛዬ «እንግዲህ ይኼም ሙያ አለቀለት» ትላለች። እኔ ግን የሚጽፈው ማንም ይሁን ማን ጳጉሜ ስድስት መሆኗን የሚያውቅ፣ ስትጠፋ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው የሚቀር አይመስለኝም።

(የጋዜጠኛው ወገን ብዙ ባይስቅ ይሻላል። የኛም ሥራ «ማንም ይጽፈዋል» የሚባል ነው። የሚለየን ነገር ቢኖር ስንሳሳት ማረሚያ የምናወጣባት ጥግ ጋዜጣው ላይ መኖሯ ነው፤ እሷንም በትንሽ ፊደል ነው የምናወጣት።)

ወደ ዳባት የሄድነው ጥቅምት ላይ ነው። መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ የነበረበት ወቅት ስለሆነ ሁለት ጊዜ ከአውቶቡስ መናኸሪያ ተመልሰናል። በሦስተኛው ተሳካ። አባቴ፣ ወንድሜና እኔ። እኔ የሄድኩት ልጅቷን በመልክ ከማንም ይልቅ የማውቃት ስለነበርኩ ነው፤ ቢቀር ደስ ባለኝ። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን፣ ዳባት ወርደን፣ ከዚያ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ። ገብሱ ቢጫ ሆኖ ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። አባቴ ከፊት፣ ወንድሜ ከኋላ፣ ማንም አያወራም።

እናቷ ማንነታችንን ሲያውቁ ቡና አላፈሉም። በዚያ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። አባቴ አልተቀየመም። «እመቤት፣ ልጅዎን ሌባ ብለን ነበር። የሰደብናት ሰው ፊት ነው፤ የምንመልሰውም ሰው ፊት ነው። እባክዎ ጎረቤት ይጥሩልን» አለ። አንድ አሥር ሰው ተሰበሰበ። ወንድሜ ቆመ። እዚያ ላሉ ገበሬዎች ስለ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚያስረዳ መንገድ ሁሉ ሲጨነቅ ነበር የመጣው። ጀመረና «የሠራሁት ማሽን ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ አድርጎ…» ሲል አንድ ሽማግሌ አቋረጡት።

«ዘመነ ሉቃስ አይደል እንዴ አምና?»

«አዎ አባቴ።»

«ጳጉሜ ስድስት መሆኗን ሳታውቅ ነው የሰው ሒሳብ የምትይዝ?»

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ሁሉም ገባቸው። የሳቀ አልነበረም፤ ቢስቁ ይሻል ነበር። ወንድሜ «አዎ፣ ሳላውቅ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷ አንድ ሳንቲም አልነካችም» አለ። ሽማግሌው ደግመው እንዲለው ጠየቁት፤ ጆሯቸው ስለሚደክም ይሁን ሌላው እንዲሰማ አላወቅኩም። ደግሞ አለው።

ልጅቷ በር ላይ ቆማ ነበር። እትዬ የላኩላትን የሁለት ወር ደመወዝ አባቴ ሰጣት፤ ቆጠረችው። እትዬ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ መፈለጋቸውን ነገራት፤ ራሷን ነቀነቀች፣ እምቢ። ከዚያ ወንድሜን «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማሽኑ እንደሚሳሳት ታውቅ ነበር?» አለችው።

«አላውቅም ነበር።»

«እኔ አውቅ ነበር። ዋዜማዋን የማትመው ወረቀት ሁሉ መስከረም 1 ይላል። ለእትዬ ዛሬ እኮ ጳጉሜ ናት፣ ይኼ ነገር ተሳስቷል አልኳቸው። አንቺ ሽጪ፣ ማሽን አይሳሳትም አሉኝ። ሲያባርሩኝም ይኼንኑ ተናግሬያለሁ።»

ወንድሜ መልስ አልነበረውም። ወደ ዳባት ስንመለስ ብቻ ለአባቴ «ስሕተት ሲገኝ የሚነገርበት ቦታ አልሠራሁላትም» አለው። አባቴ ነገሩ የገባው አይመስለኝም፤ ወይም ገብቶታል። «እግርህን እይ፣ ድንጋይ አለ» ነው ያለው።

ልጅቷ አሁን ዳባት ከተማ ውስጥ ትሠራለች ሲባል ሰምቻለሁ። ከኔ ጋር አልተነጋገርንም። ወንድሜ ሥራውን አልተወም፤ አራት ሱቅና አንድ ፋርማሲ ይዟል። ሁሉም ፕሮግራሙ ላይ አሁን «ይህ ቀን ትክክል አይደለም» የምትል ቁልፍ አለች፤ ሻጩ ሲነካት ወንድሜ ስልክ ላይ ይደወላል ወይም መልእክት ይደርሳል፤ መልሱን ያው በእግሩ ሄዶ ነው የሚሰጠው። ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበት ቀጣዩ ዓመት 2019 ነው፤ 7519 ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል። ያን ዋዜማ ጠዋት ሱቅ ከሚከፈትበት እስከሚዘጋበት ቅዳሜ ገበያ እትዬ ሱቅ ውስጥ እንደሚውል ቃል ገብቶላቸዋል። እሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ና» ብለውታል። ባለፈው ሳምንት ግን ሳሙና ልገዛ ስገባ ከኮምፒዩተሩ ጎን ባለ መቶ ገጽ ደብተር በክር ታስሮ አየሁ።